በፍሪላንስ ጽሑፍ እስካሁን የደረስንበት፦ ከድሬዳዋና ከሐረር

ድሬዳዋና ሐረር ተቀምጠን በፍሪላንስ ለምንጽፍ ሰዎች ሥራው ማደግ የሚጀምረው «ማንኛውንም ጽሑፍ እንሠራለን» ማለት ሲቀር ነው። አዲስ አበባ ጥሩ አማርኛ የሚጽፍ ሰው ሞልቷል። ደንበኛ እኛን የሚፈልገን ሄዶ፣ አይቶ፣ ጠይቆ የሚያጣራለት ሰው ሲያጣ ነው። ስለዚህ የሚያዋጡን ዘርፎች የሆቴልና የጉብኝት መግለጫ፣ የቡና ላኪዎች ብሮሸርና የእርዳታ ድርጅቶች የስኬት ታሪክ ናቸው።

ናሙና ሦስት ይበቃል፤ ለእያንዳንዱ ዘርፍ አንድ፣ ከ500 እስከ 800 ቃል። ጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ ግጥምና ወግ ይልካል፤ የሆቴል ሥራ አስኪያጅ ግን ከዚያ ውስጥ የራሱን ሥራ ማየት አይችልም። ናሙናው ላይ ደግሞ ከአጻጻፍ ውበት ይልቅ የሚያስጥለው የመረጃ ስህተት ነው። በብዛት የሚያጋጥመው የዓመት ምህረት ነው። የሐረር ግንብ ጀጎል በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በፈረንጆቹ 2006 ነው፤ በእኛ 1998 ዓ.ም.። ከእንግሊዝኛ የገለበጠ ሰው «በ2006 ዓ.ም.» ብሎ ያልፋል፣ ስምንት ዓመትም ይዛነፋል። ሁልጊዜ ስምንት መቀነስም አያዋጣም፦ የሐረሪዎች በዓል ሹዋሊድ በማይዳሰስ ቅርስነት የተመዘገበው በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 2023 ስለሆነ ልዩነቱ ሰባት ነው፤ ኅዳር 2016 ዓ.ም. ይባላል። ከመስከረም እስከ የፈረንጆቹ ዓመት መጨረሻ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት።

ሌሎቹ ስህተቶችም የታወቁ ናቸው። የጀጎል ጥንታዊ በሮች አምስት ናቸው፤ መኪና የሚያስገባው ስድስተኛው ኋላ የተከፈተ ነው። «ስድስት ጥንታዊ በሮች» ብሎ የጻፈ ሰው ሐረሪ አንባቢ ፊት ወዲያው ይታወቅበታል። የሐረር ቡና በአብዛኛው ከነገለፈቱ ፀሐይ ላይ የሚደርቅ ያልታጠበ ቡና ነው፤ ከሌላ አካባቢ ብሮሸር ላይ «ታጥቦ የተዘጋጀ» የሚለውን ቀድቶ ላኪ ዘንድ ይዞ የሄደ ሰው ሁለተኛ አይጠራም።

ደንበኛ ስንፈልግ የሚሠራው ጠዋት በአካል መሄድ ነው። ድሬ ላይ ከምሳ በኋላ ሙቀቱም አለ፣ ጫቱም አለ፤ ውሳኔ የሚሰጥ ሰው ቢሮው ማግኘት ይከብዳል። ከመሄድ በፊት አጭር መልእክት በቴሌግራም ይላካል፤ «ልምድ አለኝ» የሚል ሳይሆን፣ የደንበኛውን ጽሑፍ አንድ ቦታ አርሞ የሚያሳይ። ለምሳሌ እንዲህ፦

«እንደምን አደሩ። የሆቴልዎን መግለጫ አነበብኩት። ‹ከባቡር ጣቢያው በእግር 5 ደቂቃ› የሚለው ከዚራ ላለው ለአሮጌው ጣቢያ ልክ ነው፤ ከጅቡቲ ወይም ከአዲስ አበባ በባቡር የሚመጣ እንግዳ የሚወርደው ግን ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው አዲሱ ጣቢያ ነው። አንቀጹን አስተካክዬ ልኬልዎታለሁ። ሙሉውን በዚህ መልክ በሳምንት ውስጥ ማድረስ እችላለሁ። ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ብመጣ አገኝዎታለሁ?»

ነፃ የሚሰጠው ይህ አንድ አንቀጽ ብቻ ነው። «እስቲ መጀመሪያ ሙሉውን ጽፈህ አሳየን» ለሚል ጥያቄ መልሱ ናሙናዎቹን ማሳየት ነው።

ዋጋ ላይ ረዘም ብለን እንቆይ፤ ብዙ ጎበዝ ጸሐፊ ሥራውን የሚተወው እዚህ ላይ ነውና። በቃል ቆጥሮ ማስከፈል ለእኛ ሥራ አይሆንም። የ800 ቃል የስኬት ታሪክ እንውሰድ። ሐረር ደርሶ መመለስና ቦታውን ማየት 5 ሰዓት። የአንድ ሰዓት ተኩል ቃለ መጠይቅ ወደ ጽሑፍ መገልበጥ 6 ሰዓት (አንድ ሰዓት ድምፅ አራት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ንግግሩ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ ወይም በሐረሪ ከሆነና መተርጎም ካስፈለገ ይብሳል)። መጻፍ 5፣ ማስተካከል 2። ድምሩ 18 ሰዓት ነው። በቃል 3 ብር ቢሆን 2,400 ብር ይገኛል፤ በሰዓት 133 ብር ማለት ነው።

አሁን ከሌላው ጫፍ እንነሳ። በወር 24,000 ብር ለኑሮ፣ 4,000 ብር ለኢንተርኔት፣ ለስልክና ለግብር መጠባበቂያ ቢያስፈልግ 28,000 ይሆናል። በወር 160 ሰዓት ቢሠራም ግማሹ በደንበኛ ፍለጋና ክፍያ በመከታተል ያልቃል፤ የሚከፈልበት 80 ሰዓት ነው። 28,000 ለ80 ሲካፈል 350 ብር። 18 ሰዓቱ በዚህ ሲባዛ 6,300 ብር፣ የትራንስፖርት ለብቻው። ቁጥሮቹን በራሳችሁ ወጪ ቀይሩ፤ ስሌቱ ግን ይህ ነው። ለደንበኛ የሚነገረው ጠቅላላ ዋጋው ብቻ ነው፤ የሰዓቱ ስሌት ለራሳችሁ ይቅር። ከእንግሊዝኛ ትርጉም በቃል የምትቀበሉ ከሆነ ደግሞ የሚቆጠረው የእንግሊዝኛው ይሁን። አማርኛ በአንድ ቃል ብዙ ስለሚያጭቅ ትርጉሙ ሲቆጠር ያንሳል።

ውሉ አንድ ገጽ ይበቃዋል። ቀብድ 50 በመቶ፣ ቀሪው በርክክብ። ማስተካከያ ሁለት ዙር፣ አስተያየት በ5 የሥራ ቀን ውስጥ። ጽሑፉን የሚያጸድቀው አንድ ሰው ማን እንደሆነ በስሙ ይጻፍ፤ ይህ ከሌለ የፕሮግራም ክፍሉ የወደደውን ኮሙኒኬሽን ክፍሉ ይጥለዋል፣ ዙሩም ማለቂያ ያጣል። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራ ሳይመዘገብም ጥበቃ አለው፤ ቢሆንም ጽሑፉን በናሙናነት ማሳየት እንደምትችሉ ውሉ ላይ አስገቡ። ድርጅት ሲከፍል ግብር ቀንሶ ያስቀራል፤ ቲን (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር) እና ንግድ ፈቃድ ለሌለው ሰው የሚቀነሰው እጅግ ይበዛል። የተቀነሰበትን ደረሰኝ ተቀበሉ፤ ዓመታዊ ግብር ሲሰላ ይታሰብላችኋል።

ለአንድ ደንበኛ ሦስት ሥራ በሰዓቱ ከደረሰ ወርሃዊ ውል ለመጠየቅ ጊዜው ነው፦ በወር 4 ጽሑፍ፣ ቅናሹ ከ10 በመቶ ሳይበልጥ፣ ማቋረጥ የሚፈልግ ወገን ከ30 ቀን በፊት በጽሑፍ አሳውቆ። አንዱ ደንበኛ ከገቢያችሁ ግማሹን ካለፈ ግን በሳምንት ሁለት ጠዋት ለአዲስ ደንበኛ ፍለጋ ያዙ። «በወሩ ያልታዘዘ ጽሑፍ ወደሚቀጥለው አይተላለፍም» የሚለውም ከወርሃዊ ውሉ አይቅር። የመንግሥት መሥሪያ ቤት በጀት ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ይህ ሐረግ ከሌለ ዓመቱን ሙሉ ሳይታዘዝ የቆየው ሁሉ ሰኔ ላይ በአንዴ ይመጣል፣ ሐምሌ ከገባ በኋላ የተረከቡትን ደግሞ በየትኛው በጀት እንደሚከፍሉ ራሳቸውም መልስ የላቸውም።