ሙዚቃ፣ ቃለ ምልልስና ወቅታዊ ጉዳይ በአንድ ሰዓት፦ ከማኅበረሰብ ሬዲዮ ዝግጅት የተማርሁት

በማኅበረሰብ ሬዲዮ ጣቢያችን በየሳምንቱ የሚተላለፍ የአንድ ሰዓት ፕሮግራም እንዳዘጋጅ ኃላፊነት ሲሰጠኝ፣ ሙዚቃ፣ ቃለ ምልልስና ወቅታዊ ጉዳይ እንዲኖሩት ከመባሉ በቀር ሌላ መመሪያ አልነበረውም። የተለመደው አሠራር ሰዓቱን ለሦስት ከፍሎ ለየክፍሉ አንድ አቅራቢ መመደብ ነው፤ በዚህ አሠራር ግን ዜና ለመስማት የከፈተው አድማጭ ሙዚቃ ሲጀመር ጣቢያ ይቀይራል፣ ለሙዚቃ ብሎ የከፈተውም ውይይት ሲጀመር እንዲሁ ያደርጋል። ስለዚህ ሰዓቱ በሙሉ በአንድ ጉዳይ ዙሪያ እንዲሄድ፣ ዘገባው ጉዳዩን እንዲያስረዳ፣ እንግዳው ከኑሮው ተነሥቶ እንዲናገርበት፣ ሙዚቃው ደግሞ አድማጩ የሰማውን የሚያሰላስልበት ጊዜ እንዲሰጥ አድርጌ ማዘጋጀት ጀመርሁ።

ሐሳቡ የእኔ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1949 በአሜሪካ በርክሌይ ከተማ ሥርጭት የጀመረው ኬፒኤፍኤ፣ ከማስታወቂያ ይልቅ በአድማጮቹ መዋጮ እየተደገፈ ሙዚቃን፣ ሥነ ጽሑፍንና የሕዝብ ጉዳዮችን በአንድ ጣቢያ ያስተናግድ ነበር። በቦሊቪያም እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የማዕድን ሠራተኞች እያዋጡ ያቆሟቸው ጣቢያዎች የማኅበራቸውን ጉዳይ፣ ሙዚቃና ከሰው ወደ ሰው የሚላኩ መልእክቶችን አብረው ያስተላልፉ ነበር። ከእነዚህ ጣቢያዎች ታሪክ የተረዳሁት የገንዘቡ ምንጭ የፕሮግራሙን ቅርጽ ምን ያህል እንደሚወስን ነው። በየጥቂት ደቂቃው ማስታወቂያ ለማስገባት የማይገደድ ጣቢያ ለአንድ እንግዳ 20 ደቂቃ መስጠት ይችላል፤ ይህን ነፃነት አግኝቶ ሳይጠቀሙበት መቅረት ያሳዝነኛል።

ዝግጅቱን የምጀምረው ከወቅታዊው ጉዳይ ነው። የአገርና የዓለም ዜናን አድማጩ ከሌሎች ጣቢያዎች ስለሚያገኘው እኛ ብንደግምለት የምንጨምርለት ነገር የለም፤ እኔ የምጠይቀው በዚህ ሳምንት የነዋሪውን ውሎ የሚነካ ምን ተወሰነ፣ ማንስ ወሰነ የሚለውን ነው። ሰነድ ካለ ራሱን ሰነዱን አነባለሁ፤ አንዱ ከሌላው ያልሰማ ሁለት ምንጭ ያላረጋገጠልኝን መረጃ ለአየር አላበቃም፤ ስሙ በወቀሳ የሚነሣ ሰው ወይም መሥሪያ ቤት ከሥርጭቱ በፊት ምላሽ እንዲሰጥ እጠይቃለሁ። ምላሽ ካልመጣ «ለመናገር ፈቃደኛ አልሆኑም» አንልም፤ በየትኛው ቀን እንደ ጠየቅንና እስከ ሥርጭቱ ሰዓት ድረስ መልስ እንዳልደረሰን ብቻ እንናገራለን። ፈቃደኛ ይሁኑ አይሁኑ እኛ አናውቅምና።

ከሁሉ የበለጠ ጊዜ የምሰጠው ለቃለ ምልልሱ ነው። አብዛኞቹ እንግዶቻችን ከዚያ በፊት ማይክሮፎን ፊት ተቀምጠው አያውቁም። ስለዚህ ቀደም ብለው እንዲመጡ አደርጋለሁ፤ ማይክሮፎኑንም ከአፋቸው አንድ ስንዝር ያህል አርቄ፣ ትንፋሻቸው በቀጥታ እንዳያርፍበት ጥቂት ወደ ጎን አዘንብዬ አስቀምጠዋለሁ። በጣም ከተጠጉት ድምፁ ይወፍራል፣ ከንፈር ተገጥሞ በሚወጡት ድምፆች ላይም ይፈነዳል፤ በጣም ከራቁት የክፍሉ ማስተጋባት ይገባበታል። የድምፅ መጠኑን ስንለካ ስለ ዋናው ጉዳይ አላናግራቸውም፤ ሰው ጥሩ መልሱን አንድ ጊዜ ከተናገረው፣ በአየር ላይ የሚደግመው አሳጥሮና አድርቆ ነውና። የምንነጋገርባቸውን ነጥቦች እነግራቸዋለሁ፣ ጥያቄዎቹን ግን አስቀድሜ አልሰጥም።

ስለ ውኃ መቆራረጥ ባዘጋጀነው ፕሮግራም አንዲት የነዋሪዎች ኮሚቴ አባል እንግዳችን ነበሩ። መጀመሪያ ላይ የሚመልሱልኝ በቃለ ጉባኤ ቋንቋ ነበር፤ «ችግሩ በሚመለከተው አካል እየታየ ነው» ይሉ ነበር። «ውኃ በሌሊት ሲመጣ በቤትዎ መጀመሪያ የሚነቃው ማን ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸውና ዝም አልሁ። እርሳቸውም ዝም አሉ። ቴክኒሻኑ ከመስታወቱ ወዲያ ሆኖ እንድቀጥል በእጁ ምልክት ቢሰጠኝም አልተናገርሁም። ከዚያ «ትንሿ ልጄ ናት፤ ቧንቧው ሲያፏጭ የምትሰማው እሷ ናት፤ በማግሥቱ ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ይጥላታል» አሉ። ከዚያ በኋላ የተነጋገርነው ሁሉ የቃለ ጉባኤው ቋንቋ የለበትም ነበር። ከዚያ ወዲህ ለእያንዳንዱ እንግዳ ከማዘጋጃቸው ጥያቄዎች ቢያንስ አንዱ ስለ አንድ የታወቀ ሰዓት፣ ቦታ ወይም ሰው እንዲሆን እጠነቀቃለሁ፤ ጠይቄ ስጨርስም ዝምታውን እኔ አልሰብረውም። ተቀድቶ የሚተላለፍ ከሆነም በኤዲት ጊዜ እንዲህ ያለውን ዝምታ አላስቆርጥም።

ሙዚቃውን የምመርጠው በመጨረሻ፣ ንግግሩ ምን መልክ እንደያዘ ካወቅሁ በኋላ ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ነገር ግጥሙ ነው። ሁለት ወገን ከተከራከረበት ጉዳይ ቀጥሎ ስለ በደል ወይም ስለ ክህደት የሚያወሳ ዘፈን ብናስገባ አድማጩ ጣቢያው እንደ ፈረደ አድርጎ ይሰማዋል፤ ስለዚህ ካከራካሪ ውይይት በኋላ የምናስገባው ሁልጊዜ ግጥም የሌለው የመሣሪያ ሙዚቃ ነው። የአካባቢው ሙዚቀኞች ራሳቸው ቀድተው ያመጡትን ሥራ ባገኘሁ ቁጥር አስቀድማለሁ፤ ይህን ዕድል ሊሰጣቸው የሚችለው በቅድሚያ የማኅበረሰብ ጣቢያ ነውና። የድምፅ መጠኑም መዘንጋት የለበትም። ከንግግሩ ይልቅ የሚጮህ ሙዚቃ አድማጩን ሬዲዮውን እንዲቀንስ ያስገድደዋል፣ ቀጥሎ የሚመጣውንም ንግግር አይሰማም። የአውሮፓ ብሮድካስት ኅብረት ለጠቅላላው ፕሮግራም ያወጣው አማካይ ልክ ከዜሮ በታች 23 ኤልዩኤፍኤስ (ድምፅ ለጆሮ ምን ያህል ጎልቶ እንደሚሰማ የሚለካበት አሐድ) ነው፤ የትኛውም ልክ ቢመረጥ ዋናው ሙዚቃውም ንግግሩም በአንድ ልክ መሄዳቸው ነው። የእያንዳንዱን ዘፈን ርእስ፣ የዘፋኙን፣ የግጥምና የዜማ ደራሲውን ስም በመዝገብ እንይዛለን፤ የባለመብቶቹ ክፍያ የሚሰላው ከዚህ ዓይነት መዝገብ ነው።

የሰዓቱ የመጨረሻ ክፍል ለስልክ አስተያየት የተተወ ነው። ደዋዩ ወደ አየር ከመግባቱ በፊት አንድ በጎ ፈቃደኛ ስለምን መናገር እንደሚፈልግ ይጠይቀዋል፤ ድምፁም በጥቂት ሰከንድ ዘግይቶ ስለሚወጣ፣ ስድብ ወይም የሰው ስም የሚያጠፋ ንግግር ቢመጣ ለመቁረጥ ፋታ አለን። ሰዓት አልቆብን ያላስገባናቸውን ደዋዮች ጥያቄም በጎ ፈቃደኛው በደብተር ይመዘግባል፤ የቀጣዩን ሳምንት ጉዳይ ለመምረጥ ስንሰበሰብ መጀመሪያ የምናነበው ያንን ደብተር ነው።