ሰማያዊው ምሳ ዕቃ

ወንድሜ በሽብር ተጠርጥሮ የተያዘው በ2006 ዓ.ም. ነው። የት ታስሮ እንደነበር አልጽፍም፤ እማዬ አትጻፊ ብላኛለች። ስለ ምሳ ዕቃው ግን ፈቅዳልኛለች።

ሰማያዊ ፕላስቲክ ነበር። ክዳኑ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፌ ስሙን ከነአባቱ በማርከር ጻፍኩበት። ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ እንሰለፋለን። ተራችን ሲደርስ ጠባቂው ክዳኑን ይከፍትና «እማማ፣ ይቅመሱት» ይላል። እማዬ ከዳር ቆርሳ ትጎርሳለች። እስክትውጥ ዓይን ዓይኗን እያየ ይጠብቃል። ከዚያ እንጀራው ይዘረጋል፣ ወጡ በማንኪያ ይማሰላል። አንድ ቀን ዶሮ ይዛ ሄደች፤ አጥንት አይገባም ተባለ። እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ ሥጋውን በጣቷ ከአጥንቱ እየለየች አስገባችለት።

ገብቶ መጠየቅ አይቻልም ነበር። ስለዚህ ወሬያችን ሁሉ ከምሳ ዕቃው ነው። ተበልቶ ከመጣ ደህና ነው። ግማሹ ከተመለሰ የዚያን ዕለት ቤታችን እራት የሚበላ የለም። አንዴ ሙልጭ ተደርጎ ታጥቦ መጣ። እማዬ «የኔ ልጅ ደግሞ መቼ ዕቃ አጥቦ ያውቃል?» ብላ ስታለቅስ አደረች። (እውነቷን ነው፣ ብርጭቆ እንኳ አንስቶ አያውቅም።)

ሕገ መንግሥቱን ያነበብኩት ያኔ ነው። አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። ቀርቧል፤ እሱን አልክድም። አንቀጽ 21 ደግሞ ዘመዱ፣ ጓደኛው፣ ሐኪሙ፣ ጠበቃው ሊጎበኙት ይችላሉ ይላል። ይህንን ፎቶ ኮፒ አድርጌ ይዤ ሄድኩ። ጠባቂው እስከ መጨረሻው አነበበው። አጥፎ መለሰልኝና «ጥሩ ነው» አለኝ። በቃ።

የፀረ ሽብርተኝነት አዋጁ፣ ቁጥር 652/2001፣ ለምርመራ የሚሰጥ ቀጠሮ ከ28 ቀን እንዳያንስ ያዝዝ ነበር። ድምሩ ከአራት ወር እንዳያልፍም ይላል። ከ28 እንዳያንስ! ዳኛው ሰባት ቀን ይበቃል ብሎ ቢያምንስ? የእኛ ወር 30 ቀን ነው፤ 28ን ከየት እንዳመጡት እስከ ዛሬ አልገባኝም። እማዬ ኩሽና ግድግዳ ላይ በከሰል ታሰምር ነበር። ሦስት ጊዜ 28 ሞላ። ከዚያ ክስ ሳይመሠረትበት ተለቀቀ።

ሽብር የሚባል ነገር የለም እያልኩ አይደለም። ሰኔ 16 ቀን 2010 መስቀል አደባባይ ቦምቡ ሲፈነዳ እዚያ ነበርኩ። አንድ ጫማዬን ጥዬ ነው የሮጥኩት። ያን ያደረገ ይያዝ፣ ይመርመር፣ ይፈረድበት። ግን ማታ ዜናው ላይ ተጠርጣሪዎች ተያዙ ሲባል፣ ገና እግሬ እየደማ፣ በሐሳቤ የመጣብኝ ነገ ጠዋት ምሳ ዕቃ ይዘው የሚሰለፉት እናቶች ናቸው።

አዋጁ በ2012 ተሽሮ በሌላ ተተክቷል። ወንድሜም አግብቶ ወልዷል። በዓል ሲሆን እማዬ ቤት እንሰበሰባለን። ወጡ ሲወጣ እሱ ሆን ብሎ ድምፁን ያጎረንንና «እማማ፣ ይቅመሱት» ይላታል። እኛ እንስቃለን። እማዬ አትስቅም። ከዳር ትቆርሳለች፣ ትጎርሳለች። እሱም እስክትውጥ ይጠብቃል።