«ውል ምን ያደርጋል፣ ልጄ?»

እናቴን ላስታምም ከአሜሪካ፣ ከሜሪላንድ ወደ አዳማ የመጣሁት ዓምና ነው፣ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ። የእናቴ ቤት እህቴ ከነልጆቿ ስላለችበት ደላላ ከፖስታ ቤት ብዙም የማይርቅ ሰርቪስ ቤት አገኘልኝ። ኪራዩ በወር 12 ሺህ፣ ማስያዣው 24 ሺህ ብር። ውል ሳነሳ አከራዬ ቡና እያስቀዱልኝ «ውል ምን ያደርጋል፣ ልጄ? ቤተሰብ አይደለን እንዴ!» አሉኝ። አፈርኩና ዝም አልኩ። እዚያ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግም ከአበሻ ቤዝመንት ስከራይ የገባሁት እንዲሁ በቃል ነበር።

ሰባት ወር ኖሬ ስለቅ ማስያዣዬን ጠየቅኩ።

«የምን ማስያዣ? እሱ እኮ ኪራይ ነው» አሉ ጋሼ። ቀጠሉና «ደሞ ላንቺ 24 ሺህ ምንድን ነው? የሁለት ቀን ደሞዝሽ!»

ሒሳቡን ብሠራው ብዙም አልተሳሳቱም። ግን ያ ብር ሌሊቱን ሙሉ አረጋውያን ሳገላብጥ አድሬ ያገኘሁት ነው።

ሜሪላንድ ቢሆን አከራይ ማስያዣ እንዲመልስ ሕጉ የሰጠውን 45 ቀን ቆጥሬ ፍርድ ቤት እሄድ ነበር። እዚህ አጎቴን ይዤ ሄድኩ። በእጁ አንድ ወረቀት ነበር፤ ማስያዣውን የላክሁት በባንክ አፕ ስለሆነ የዝውውሩን ማስረጃ ከቅርንጫፉ በማኅተም አወጣሁት። አሜሪካ ቼክ ስጽፍ የለመደብኝ ሆኖ «ምክንያት» የምትለዋ ቦታ ላይ «የቤት ማስያዣ፣ ስለቅ የሚመለስ» ብዬ ሞልቼ ነበር።

አጎቴ ድምፁን ከፍ አላደረገም። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ፣ ቁጥር 1320፣ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ ማዘዙን ነገራቸው። «ለጸብ አልመጣንም፣ ወንድሜ። ከከሰስን ግን ቤቱ ለምን አልተመዘገበም፣ ግብሩስ የታለ መባሉ አይቀርም።» (ለነገሩ እኔም ሳላስመዘግብ ነው የኖርኩት፤ ይህን አጎቴ ዋጥ አደረጋት።)

ጋሼ ወረቀቱን ከዓይናቸው አራቁት፣ አቀረቡት። ከዚያ ተነሥተው ቤቱን ዞሩ። የእናቴን ፎቶ የሰቀልኩበትን የምስማር ቀዳዳ በጣታቸው ነካ ነካ አድርገው «ለቀለም 2,500 ይቀነሳል» አሉ። ለአንድ ቀዳዳ! አጎቴ በዓይኑ ዝም በይ አለኝ።

ማታ ስልኬ ጮኸ። 21,500 ብር ገብቷል። ምክንያት፦ «እርዳታ»።