«ቅርብ ነው» ስንት ኪሎ ሜትር ነው? ከሐይቅ ዳርቻ የእግር ጉዞዬ

ባለፈው ቅዳሜ ክቡ ገጠመ። ከደሴ እየተመላለስኩ፣ በዘጠኝ ቅዳሜዎች፣ ስሙም «ሐይቅ» የሆነውን የወሎውን ሐይቅ ዳርቻ ቁራጭ በቁራጭ በእግሬ ዞርኩት። ዞርኩት ስል አንድ የምናዘዘው ነገር አለኝ፤ እደርስበታለሁ። ተራራ ለምትወጡት ለእናንተ ይህ የልጅ ጨዋታ ነው። እኔ ግን እስከ አምና ድረስ ከፒያሳ ሸዋ በር ለመውረድ ታክሲ የምጠብቅ ሰው ስለነበርኩ ትንሽ ብኩራራ ይቅር በሉኝ።

ስለ መጀመሪያዎቹ ቅዳሜዎች ብዙ የምለው የለኝም። ከደሴ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሚኒባሱ ቦሩ ሜዳን አልፎ ቁልቁል ሲወርድ ጃኬት ማውለቅ ይጀመራል፤ ሐይቅ ከደሴ ይሞቃል። ከተማው ወርዶ ወደ ውኃው መሄድ ነው። ሁለት ቅዳሜ እግሬ አበጠ፣ በሦስተኛው ለመደ። የሐይቁን ርዝመት 6.7 ኪሎ ሜትር፣ ስፋቱን 6 ኪሎ ሜትር ብሎ የሚጽፍ ጽሑፍ አንብቤ «አንድ ቀን ተኩል ይበቃዋል» ብዬ ነበር የተነሣሁት። ውኃው ቀጥ ብሎ ይለካል፤ ዳርቻው ግን ይጠማዘዛል፣ ይገባል፣ ይወጣል። በዚያ ላይ የጫት አጥር፣ የመስኖ ቦይና ረግረግ አለ። የስልኬ ካርታ የውኃውን ጠርዝ ያሳያል እንጂ እሾህ አጥሩን አያሳይም። በሁለተኛው ቅዳሜ ካርታውን አምኜ፣ ከሩቅ የመስክ ሣር የሚመስል አረንጓዴ ነገር ላይ ገብቼ እስከ ጉልበቴ ሰጠምኩ። አንድ ጫማዬ እስከ ዛሬ እዚያው ነው። ከዚያ ወዲህ የከብት ዱካ ከሌለበት ሣር አልረግጥም። ላም ያልደፈረችውን መሬት እኔ ምን አግብቶኝ!

ዋናው ችግሬ ግን ጭቃ አልነበረም። ዋናው ችግሬ ጥያቄ ነበር።

መጀመሪያ ነገር የከተማውም ስም ሐይቅ፣ የውኃውም ስም ሐይቅ ነው። በማዶው ዳርቻ፣ ውኃው ከእግሬ ሥር እየተንቦጫቦጨ፣ አንድ እረኛ ልጅ አግኝቼ «ሐይቅ ሩቅ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። ልጁ እኔን አየ፣ ውኃውን አየ፣ ከዚያም በዱላው ጫፍ ውኃውን ነካ አድርጎ አሳየኝ። እየሳቀብኝ ይሁን እያዘነልኝ ዛሬም አላውቅም።

ይህንንስ «ከተማው» በማለት አስተካከልኩት። ያልተስተካከለው መልሱ ነው። ወሎ ውስጥ መንገድ የጠየቀ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፦ «ቅርብ ነው፣ አብሽር።» በአራተኛው ቅዳሜ፣ ፀሐይ ወደ መጥለቂያዋ ስታዘነብል፣ ደጃቸው ላይ ቡና የሚቆሉ አንዲት እናት አገኘሁ። «እማማ፣ አስፋልቱ ስንት ያስኬዳል?» አልኳቸው። መቁያውን ወዝወዝ እያደረጉ፣ በአገጫቸው ወደ ፊት ጠቁመው «ቅርብ ነው ልጄ፣ አብሽር፤ ከዚያች ዋርካ ጀርባ ነው» አሉኝ። ዋርካዋ በእርግጥ ቅርብ ነበረች። ከዋርካዋ ጀርባ ግን አንድ ዳገት፣ ከዳገቱ ጀርባ አንድ ሸለቆ፣ ከሸለቆው ጀርባ ሌላ ዋርካ ነበረ። አንድ ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ሄድኩ። የመጨረሻው ሚኒባስ አምልጦኝ በጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ተጣብቤ ደሴ ገባሁ። እሑድን ሙሉ ተኝቼ አኮረፍኩ፤ ማን ላይ እንደሆነ እንጃ።

ከዚያ በኋላ ማስታወሻ ደብተር ያዝኩ። በአንድ በኩል የተባልኩትን፣ በሌላ በኩል የሄድኩበትን ደቂቃ መጻፍ ጀመርኩ። ይህን የማካፍላችሁ ከልቤ ነው፤ ከጫማም ከዱላም በላይ የጠቀመኝ ይህ ደብተር ነው። «ይኸው እዚህ» የተባልኩት በአማካይ ሃያ አምስት ደቂቃ ወጣው። «ቅርብ ነው» ከአርባ ደቂቃ ተነሥቶ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ምንም እስኪቀረው ይሄዳል፤ ስለዚህ ለብቻው ዋጋ የለውም። «ትንሽ ራቅ ይላል» ያሉኝ ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ሁለቱንም ጊዜ አመስግኜ ወደ መጣሁበት ተመለስኩ።

ቀስ በቀስ ቃሉን ትቼ ድምፁን ማዳመጥ ተማርኩ። «እዚያ ነው» ብሎ ቃሉን ከቆረጠው የሚታይ ቦታ ነው። «እዚያአአአ» ብሎ ድምፁ እየቀጠነ ወደ ላይ ከወጣ ግን ውኃና ዳቦ ያስፈልጋል። አገጩም እንዲሁ ነው፤ ዝቅ ብሎ ከጠቆመ ቅርብ ነው፣ አንገት ተሰግጎ ወደ ሰማይ ከጠቆመ ተራራ አለበት። ይህን ለጓደኞቼ ስነግራቸው ይስቃሉ። ደብተሬ ግን አይስቅም፤ በዚህ ዘዴ ከስድስት ጉዞ አምስቱን በሩብ ሰዓት ልዩነት ገምቻለሁ።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ርቀትን ጨርሶ አለመጠየቅ ነው። «ለገበያ ስትወጡ ከቤት የምትነሡት መቼ ነው? የምትደርሱትስ?» ይባል። «ጎህ ሲቀድ ወጥተን ፀሐይ ሞቅ ሲል» ካሉ ሁለት ሰዓት ያህል ነው፤ ለእነርሱ ነው ታዲያ። ለእኔ ቢሮ ላሳደገው እግር ግማሹን እጨምርበታለሁ። «ቡናው አቦሉ ላይ ብነሣ ሰው እዚያ በረካው ላይ ይደርሳል» ያለችኝ ልጅ ደግሞ አንድም ደቂቃ አልሳተችም።

በሰባተኛው ቅዳሜ በእኚያ እናት ደጃፍ ዳግመኛ አለፍኩ። «እማማ፣ ያን ጊዜ ቅርብ ነው ብለውኝ ሁለት ሰዓት ልሞላ ነበር እኮ» አልኳቸው። ስኒውን እያቀበሉኝ «ታዲያ ሩቅ ነው ብልህ ይቀርብልህ ነበር?» አሉኝ። ለዚህ መልስ አላገኘሁም። ቶናውንም በረካውንም ጠጥቼ ሄድኩ።

ወደ መብሉ ልምጣ። ዓሣ ነው፤ ሌላ ምን ይሆናል? በአብዛኛው የሚቀርበው ቆሮሶ (ቲላፒያ) ነው። እኔ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሙሉውን፣ ጎኑ ተተልትሎ የተጠበሰውን እዘዙ። አጥንቱ ወጥቶ፣ በዱቄት ተለውሶ የሚመጣው ዓሣ የትም ከተማ አለ፤ ለእርሱ ብሎ እዚህ ድረስ መምጣት ድካም ነው። ሎሚ፣ አዋዜ፣ ትኩስ እንጀራ፣ ከዚያም ጣትን ከአጥንት ጋር ማታገል። ከመቀመጣችሁ በፊት ጥሬውን እዩት፤ ዓይኑ ያልደፈረሰ፣ ስንጥቡ ቀይ ከሆነ ይጠበስ። እኔ ይህን የተማርኩት ጠዋት ተጠብሶ ለእኔ ዳግመኛ ዘይት የነካ ዓሣ በልቼ፣ የዚያን ቀን ጉዞዬን ከቁጥቋጦ ወደ ቁጥቋጦ በመሮጥ ከጨረስኩ በኋላ ነው። ቤቱን አልጠራም፤ ጥፋቱም ግማሹ የእኔ ነው፣ ርቦኝ አላየሁትም። ሌላው ምክሬ ሄዳችሁ ብሉ እንጂ በልታችሁ አትሂዱ።

ብዙ ጊዜ አብሮኝ የሚሄደው ጓደኛዬ ሙስሊም ነው። ደሴ ውስጥ ሥጋ ሲታዘዝ እርሱ ለእርሱ፣ እኔ ለእኔ ነን። ሐይቅ ዳር ግን አንድ ትሪ ይቀርባል። ዓሣ ማን አረደው አይባልም። ጭንቅላቱ ለማን እንደሚደርስ ብቻ እንጣላለን። ሁዳዴ ላይ ዓሣ መብላቴን እናቴ ካነበበች ግን አለቀልኝ፤ በእርሷ ዘንድ ዓሣ ከፍስክ ነው፣ ክርክርም የለውም።

ለማየት ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምን አትዝለሉት። ቀድሞ ደሴት ነበረ፤ ዛሬ ከየብስ ጋር ስለተያያዘ በእግር ይገባል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ስፍራ ነው፤ የገዳሙ አለቆች «ዐቃቤ ሰዓት» ይባሉ ነበር። ዛፎቹ ሥር ያለው ጸጥታ ከጥብሱ ይጣፍጣል። ሴቶች ወደ ወንዶቹ ገዳም እንደማይገቡ ግን አስቀድማችሁ ተናገሩ። እኔ እህቴን ሳልነግራት ይዣት ሄጄ በር ላይ ትቻት ገባሁ፤ ስወጣ የተቀበለችኝ ፊት አሁንም ትዝ ይለኛል። ጉልበት ከተረፋችሁ ወደ አርዲቦ ውጡ። ከሐይቅ ከፍ ብሎ ያለ ታናሽ ወንድሙ ነው፤ ውኃውን በአንካርካ ወንዝ በኩል ወደ ሐይቅ ያወርዳል፣ ሐይቅ ግን የተቀበለውን ይዞ ይቀራል፣ መውጫ ወንዝ የለውም። አርዲቦ ሰው የማይበዛበት በመሆኑ እኔ እርሱን እመርጣለሁ፤ ዓሣ ጠባሽ ግን አትፈልጉበት፣ ቆሎ ያዙ።

እንግዲህ ኑዛዜው። በስምንተኛው ቅዳሜ ዝናብ ያዘኝና አንድ ወጣት በሞተር ሳይክል አፈናጥጦ አሻገረኝ። ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ትሆናለች። ለሁሉም ሰው በእግሬ እንደሄድኳት ነው የተናገርኩት፤ በደብተሬም ላይ ደቂቃ ፈጥሬ ጽፌላታለሁ። ክቡ እዚያች ላይ ክፍት ነው። ሲያወርደኝ የቀረችውን መንገድ ጠይቄው ነበር፤ «ቅርብ ነው» አለኝ፤ ድምፁ አልቀጠነም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለት ኪሎ ስኳር ለእማማ ይዤ ያችን ቁራጭ በእግሬ እሄዳታለሁ። ከዘነበ ለሌላ ቅዳሜ ትተላለፋለች፤ የቀረኝ ደህና ጫማ አንድ ጥንድ ብቻ ነው።