61 ሲግኒን ከጣና ዳር ማየት፦ እስካሁን የደረስኩበት

ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ከጠራ ወዲህ ማታ ማታ የምከታተላት 61 ሲግኒን ነው። ብርቱካናማ ኮከብ ነች፣ ግን ደብዛዛ። ማግኒቲውዷ (የድምቀት ደረጃዋ፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ኮከቡ ይደበዝዛል) 5 አካባቢ ስለሆነ የመንገድ መብራት ስር ቆማችሁ አትድከሙ።

ባሕር ዳር በዚህ በኩል ታድላለች። ከተማው ከሐይቁ በስተደቡብ ነው። ዳር ላይ ቆማችሁ ወደ ሰሜን ስታዩ ከፊታችሁ ውሃው ብቻ ነው፤ መብራቱ ከጀርባ ይቀራል። መስከረም መጨረሻ ላይ ማታ 3 ሰዓት ግድም ኮከቧ በዚያው በሰሜን፣ ከ60 ዲግሪ በላይ ከፍ ብላ ትገኛለች። አንገት ስለሚያም ወንበር ያዙ። የትንኙን ነገር አላወራም።

ኮከቧ ያለችው ሲግነስ በሚባለው፣ ክንፏን በዘረጋች ወፍ በሚመሰለው የኮከቦች ስብስብ ውስጥ ነው። መጀመሪያ የስብስቡን ደማቅ ኮከብ ዴኔብን ፈልጉ። ቀጥሎ ሳድርን፣ ከዚያ በወፏ ምሥራቃዊ ክንፍ ያለውን ኤፕሲሎን ሲግኒን። ሦስቱን ይዛችሁ ዘመም ያለ አራት ማዕዘን ብትሠሩ አራተኛው ጥግ እሷ ነች።

ቀለሟ ነው ሥራ ያለው። በባዶ ዓይን ነጭ ነጥብ ነች፤ ብርሃን ሲያንስ ዓይናችን ቀለም መለየት ያቅተዋል። ደብዛዛ ኮከብን ገሸሽ አድርጎ የማየቱ ዘዴም እዚህ አያዋጣም፤ የዓይን ጠርዝ ለብርሃን እንጂ ለቀለም አይሆንም። በ10 በ50 ባይኖኩላር (10 እጥፍ የሚያጎላ፣ የፊት መስታወቱ 50 ሚሊ ሜትር የሆነ) ፊት ለፊት እዩዋት። እኔ ክርኔን ግንቡ ላይ ደግፌ ማስተካከያውን ትንሽ አሳልፌ አዞርኩት። ነጥቧ ሰፋ ስትል ብርቱካኑ ፍንትው አለ። ከዴኔብ ጋር እያፈራረቃችሁ ስታዩ ደግሞ ይበልጥ ይለያል።

እንዲህ የምትመስለው ከፀሐይ ስለምትቀዘቅዝ ነው። የፀሐይ ገጽ ሙቀት 5,800 ኬልቪን (የሙቀት መለኪያ ነው) ያህል ሲሆን የእሷ 4,400 ገደማ ነው። እሷ ስል ሁለት ናቸው፤ ሁለተኛዋ ከዚህም ትቀዘቅዛለች። የሁለቱ ብርሃን ቢደመር የፀሐይን ሩብ አይሞላም። የምናያቸው ቅርብ ስለሆኑ ብቻ ነው፦ 11.4 የብርሃን ዓመት። ዴኔብ ከ1,000 በላይ ይርቃል።

ጀርመናዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ቤሴል እ.ኤ.አ. በ1838 የኮከብ ርቀት በአስተማማኝ ሁኔታ የለካው በ61 ሲግኒ ነው። የመረጣት ሰማይ ላይ ቶሎ ስለምትንቀሳቀስ፣ ይህም ቅርብ መሆኗን ስለሚጠቁም ነበር። ቶሎ ማለት በኮከብ ደንብ ነው እንግዲህ፤ የጨረቃን ስፋት ለማቋረጥ 350 ዓመት ገደማ ይፈጅባታል።

የቀረኝ ሁለቱን ለይቶ ማየት ነው። በመካከላቸው 30 አርክ ሰከንድ (አንዱ የዲግሪ 3,600ኛ ክፍል ነው) ያህል ክፍተት አለ፤ እጅ ካልተንቀጠቀጠ ለዚህ ባይኖኩላር ይበቃል። የእኔ ይንቀጠቀጣል። ከተማው ውስጥ ትሪፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) የሚያውሰኝ ካለ ሻይ በእኔ ነው።