በቢያጆ የሚከፈል አፈር

ዳውሮ ዞን ውስጥ በአንድ የድንጋይ ከሰል ሳይት የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ ሆኜ በሠራሁበት ጊዜ፣ ተቆፍሮ ያለቀን ቦታ መልሶ ማልማት ወረቀት ላይ እጅግ ቀላል ነበር። ቀዩ ለም አፈር ቀድሞ ተገፎ ለብቻው ይከመራል። ከሥሩ ያለው ግራጫ ጭቃና ጥቁር ድንጋይ ሌላ ቦታ ይደፋል። ከሰሉ ወጥቶ ወደ ሲሚንቶ ፋብሪካ ከተጫነ በኋላ ጉድጓዱ ይሞላል፤ መጥፎው ከታች፣ ለሙ ከላይ። በአዋጅ ቁጥር 299/1995 መሠረት ያቀረብነው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ሰነዳችን ይህንኑ ይል ነበር፤ ባለ ቀለም ሥዕል ሁሉ ነበረው።

የመጀመሪያው ጉድጓድ ተሞላ፣ ዶዘር ደለደለው፣ እንግዶች መጥተው ፎቶ ተነሡበት። ክረምቱ ሲገባ ደሾ ሣርና ግራቪሊያ ተተከለ። ዝናቡ አልጎደለም። ችግኙ ግን ከጫፉ ቢጫ እየሆነ ሄደ፤ ሣሩም እንደተተከለ ቆሞ ቀረ። ከታችኛው ጥግ የሚወጣው ውኃ ዝገት የመሰለ ቀለም ይዞ ወደ ጅረቱ መውረድ ጀመረ። ሥራ አስኪያጁ ችግኝ ጣቢያውን ወቀሰ፤ ችግኝ ጣቢያው ተካዮቹን።

አጠገቡ የእንሰት ማሳ ያላቸው አንድ ሽማግሌ ዶማቸውን ይዘው መጡ። «ልጄ፣ አፈሩን የት አደረሳችሁት?» አሉኝና አንድ ሁለቴ ቆፈሩ። የወጣው ቀይ አልነበረም። በጣት ሲነኩት ስስ ስስ ሆኖ የሚላቀቅ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ በመሃሉ ደቃቅ ቢጫ ነገር ይብለጨለጫል። አንዱን አንሥተው አሸተቱትና ጣሉት። «ይሄማ የሽንት ቤት ጉድጓድ ጠልቆ ሲቆፈር የሚወጣው ነው። እሱ ላይ ማን ይዘራል?»

የሚብለጨለጨው ፓይራይት ነው፤ ብረትና ድኝ። መሬት ውስጥ ተቀብሮ እስካለ ድረስ ማንንም አይነካም። አየርና ዝናብ ሲያገኘው ግን ሰልፈሪክ አሲድ ይወጣዋል፤ ብረቱም ውኃውን ያዝገዋል። የዚያ አካባቢ አፈር ድሮም አሲዳማነት ያጠቃዋል፤ ገበሬው ኖራ የሚጨምረው በከንቱ አይደለም። እኛ ደግሞ ችግኙን እላዩ ላይ ተክለነዋል።

ስብሰባ ተጠራ፤ ጥፋቱ በሾፌሮች ላይ ሊደፈደፍ መሆኑ ከአጀንዳው ይታወቅ ነበር። አንድ የገልባጭ ሾፌር እጁን አወጣ። «ኢንጂነር፣ እኛ የሚከፈለን በቢያጆ፣ በምልልሱ ቁጥር ነው። የለሙ አፈር መድፊያ ከዳገቱ ማዶ ነው። ናፍጣው የኔ፣ ጎማው የኔ። አንተ ብትሆን የት ትደፋለህ?» የመለሰለት አልነበረም።

ነገሩን ተከትዬ ሳየው ሁሉም የሚጀምረው ከአንዲት ዳስ ነው። መዝጋቢዋ ልጅ ከኤክስካቫተሩ አጠገብ ተቀምጣ ለሚወጣው መኪና ሁሉ አንድ ዓይነት ቲኬት ትቆርጣለች፤ ቀይ አፈር ይጫን ጥቁር ድንጋይ፣ የት ይደፋ የት፣ ክፍያው ያው ነው። ስለዚህ ቀዩ አፈር ገና በመጀመሪያው ሳምንት በአቅራቢያው ያለ ገደል ውስጥ ገባ። ጥቁሩ ድንጋይ የተቆፈረው መጨረሻ ላይ ስለሆነ ለጉድጓዱ የቀረበው እሱ ነው፤ ሲሞላም ከላይ ሆነ። ማንም ሆን ብሎ አላበላሸም፤ ሁሉም ሒሳቡን ሠራ እንጂ። በእኔ አስተያየት እንዲህ ያለ ሳይት ላይ ስለ ተፈጥሮ ጥበቃ ሥልጠና መስጠት፣ ከምሳ አበል በቀር ለማንም አይረባም።

ያደረግነው ትንሽ ነገር ነው። ቲኬቱ ሁለት ቀለም ሆነ፤ የለሙ አፈር ቢያጆ ዋጋው ከፍ አለ፤ መዝጋቢዋም ከኤክስካቫተሩ ተነሥታ የአፈሩ መድፊያ ጋ ተቀመጠች። አፈሩን እዚያ ያልደፋ ቲኬት አያገኝም። ሥራ አስኪያጁ ወጪው በዛ ብሎ አጉረመረመ። ጥቁሩን ገፎ፣ ኖራ በትኖ፣ ቀይ አፈር ከሌላ ቦታ አምጥቶ የመጀመሪያውን ጉድጓድ እንደገና ማልበስ ስንት እንደሚፈጅ ሲሰላለት ግን ዝም አለ።

ሁለተኛው ጉድጓድ ላይ ደግሞ የዶዘር ኦፕሬተሩ መሬቱን ካላለሰለስኩ ብሎ ተከራከረኝ። ጎበዝ ሠራተኛ ነው፤ እሱ ያለፈበት መሬት እንደ አውድማ ይለሰልሳል፤ ይኮራበታልም። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1977 መሬትን ከላይ ገልጦ የሚካሄድ የከሰል ቁፋሮን የሚገዛ ሕግ ካወጡ በኋላ የገጠማቸው ይኸው ነበር፤ መሬቱ በከባድ ማሽን ተጠቅጥቆ ተስተካከለ፣ የዛፍ ሥር ግን አልገባው አለ። ኋላ ላይ ዛፍ ለሚተከልበት መሬት የላይኛው 1.2 ሜትር ያህል ልል ሆኖ እንዲተው መምከር ጀመሩ። ይህን ስነግረው «እንዲህ አጎርባጥቼ ብተወው ሰው ምን ይለኛል?» አለ። ግማሹን በሱ መንገድ፣ ግማሹን በኔ ልናደርገው ተስማማን። በቀጣዩ ክረምት በለሰለሰው በኩል ጎርፉ እየተንሸራተተ ቦይ አወጣ፤ በጎረበጠው በኩል ውኃው እየሰረገ ግራቪሊያው ያዘ። ኦፕሬተሩ አይቶ «ዝናቡ ነው» አለ፤ ሦስተኛውን ጉድጓድ ግን ሳልጠይቀው ጎርባጣ አድርጎ ተወው።

የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ሣሩ እዚህም እዚያም ይዟል፤ ዛፉ እምቢ እንዳለ ነው። የገልባጭ ኪራይ ውል ሲዘጋጅ የአፈሩ መድፊያ ርቀት ከነዋጋው ይጻፋል፤ አዲስ የሚመጡ ሾፌሮችም ከናፍጣ ቀድመው የሚጠይቁት እሱን ሆኗል።