ቪትዜን ያደበዘዝኋት እኔው ነኝ

የምኖረው ኮምቦልቻ፣ የምሠራው ደሴ ነው። ጠዋት በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ እወጣለሁ፤ ማታ ያንኑ እወርዳለሁ። ታች አቧራና ሙቀት፣ ላይ ጉምና ጭቃ ነው።

ክረምቱ አልፎ ፀሐይ ሲወጣ የጥቁር ሰማያዊ ቪትዜን ኮፈን ጎንበስ ብዬ አየሁት። የሸረሪት ድር የመሰለ ክብ ክብ ጭረት ሞልቶታል። የፓራውልቱ ጠርዝና የስፖኪዮው እግር፣ ድሮ ጥቁር የነበረው ፕላስቲክ ሁሉ፣ አመድ መስሏል። አርጅታለች ብዬ ተስፋ ልቆርጥ ነበር።

የፀሐይን ድርሻ አልክድም። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከፍታ በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌት ጨረር ይበረታል፤ ጥቁር ፕላስቲክን የሚያነጣውም እሱ ነው። ጭረቱ ግን የእኔ ሥራ ነው። አቧራ ማለት የተፈጨ ድንጋይ ነው። ሁልጊዜ ጠዋት በደረቅ ጨርቅ ስጠርገው፣ ለካ መኪናዬን በብርጭቆ ወረቀት እየፈገፈግሁ ኖሯል! ቀለሙን የሚሸፍነው ጥርት ያለ ንብርብር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከሰው ፀጉር የሳሳ ነው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ብረቱ ሳይሞቅ ጥላ ሥር አቆምኋትና በሁለት ባልዲ ጀመርሁ፤ አንዱ የመኪና ሻምፖ፣ ሌላው ስፖንጁን ማለቅለቂያ ንጹሕ ውሃ። ኦሞውን ተውሁት፤ ቀድሞ የተቀባ ሰም ካለ አጥቦ ይወስደዋል። መጀመሪያ ምንም ሳልነካት ውሃ ብቻ አፈሰስሁባት። ከዚያ ከጣሪያው ወደ ታች ወረድሁ፤ ለጎማው ሌላ ስፖንጅ ያዝሁ። በመጨረሻ የማለቅለቂያውን ባልዲ ስደፋ ከሥሩ የቡና አተላ የመሰለ አሸዋ ተጋግሮ አገኘሁ። ያ ሁሉ ድሮ ስፖንጁ ላይ ሆኖ በሩን ሲያሽ የኖረ ነው።

በሮቹ ግርጌ የተጣበቀውን ሬንጅ በጨርቅ በነካሁት ጥቂት ነጭ ጋዝ አስለቀቅሁና ወዲያው በሻምፖ አጠብሁት። ጭረቱን ደግሞ በለስላሳ የቀለም ማለስለሻ (ፖሊሽ) በእጄ አሸሁት፤ ቀላል ቀላሉ ጠፋ። ጥፍር የሚይዘውን ጭረት አልታገልሁም። እሱን እስኪጠፋ ማሸት ያንን ስስ ሽፋን መጨረስ ነው።

የተሳሳትሁት ሰም ስቀባ ነው። ቸኩዬ ፕላስቲኩን ሳልሸፍን ቀባሁ፤ የነካውም ቦታ ሲደርቅ ወተት ጠጥቶ አፉን ያልጠረገ ሕፃን መሰለ። በጥርስ ብሩሽና በሞቀ የሳሙና ውሃ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። አሁን አስቀድሜ ፕላስቲኩን በወረቀት ፕላስተር እሸፍናለሁ፤ ሰሙንም በጣም አሳስቼ ነው የምቀባው። ሲበዛ ለመጥረግ አስቸጋሪ ከመሆን በቀር ጥቅም የለውም።

ስለ ፕላስቲኩ ሳነሳ ናፍታን ሳልወቅስ አላልፍም። ላቫጆ ቤት ፕላስቲኩን በናፍታ «ላብራልህ?» ሲሉኝ ስንት ጊዜ እሺ ብያለሁ! ከላቫጆው ስወጣ እንደ አዲስ ያብረቀርቃል፤ ሐረጎን ሳልጨርስ አቧራው ተለጥፎበት ከበፊቱ ይብሳል። የበርና የመስኮት ጎማንም ያሳብጣል። አሁን በብሩሽ አጥቤ፣ በደንብ አድርቄ፣ ከፀሐይ የሚከላከል ውሃ መሠረት የሆነ የፕላስቲክ ቅባት በስሱ እቀባና የተረፈውን እጠርጋለሁ። አዲስ አልሆነም፤ አመድነቱ ግን ለቋል።

ሰኞ ጠዋት ሐረጎ ላይ ጉሙ ሲያካፋ ውሃው ኮፈኑ ላይ እንደ ዶቃ ክብ ክብ ሠርቶ ይንከባለል ጀመር። ይህ ቀርቶ ውሃው ዝም ብሎ ሲንጣለል ሰሙ ማለቁን አውቃለሁ።

የቀረው ችግር የመሥሪያ ቤታችን ዘበኛ ናቸው። በየማለዳው በአሮጌ የጋቢ ቁራጭ ይጠርጉልኛል፤ በደግነት።

«ጋሼ፣ እባክዎ አቧራዋን ይተዉልኝ» አልኋቸው።

«ቆሽሻ ስትታይ እኔን አይደል እንዴ ሰነፍ የሚሉኝ?»

ቀለሙን አሳይቼ አስረዳኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «አብሽር ልጄ፣ ከእንግዲህ መስታወቱን ብቻ ነው» አሉኝ።

ቃላቸውን ጠብቀዋል። ትናንት ብቻ የኮፈኑን ጫፍ፣ መዳፍ የምታህል ቦታ፣ ተጠርጋ አገኘኋት።